ለየትኛው እስረኛ ነው የምንጮኸው?

የካቲት 12 ለኢትዮጵያውያን የሰማዕታት ቀን ነው። በ1937 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን በደም አጠባት፤ ከጭፍጨፋው የተረፉትንም ብዙዎችን ወደ ሶማሊያ፣ ዳናኔ፣ ወደ ቀይ ባሕር ደሴት ኖኩራና ወደ ኢጣሊያ አግዞ አሰራቸው። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ዕለቱን እስከ ዛሬ የመታሰቢያ ቀን አድርገው ያስቡታል። ሁለቱ ድርጊቶች አይመዛዘኑም፤ አንዱ የግድያ ዘመቻ፣ ሌላው የእስራት ትእዛዝ ነበር። ሆኖም የመታሰቢያ ቀናችንን ከእነርሱ ጋር የምንጋራ ሰዎች ታሪካቸውን በቅርብ ልናውቀው ይገባል።

ትእዛዙ የጃፓኖችን ስም አልጠራም። የጦር አዛዦች «ወታደራዊ ቀጣና» ብለው ከሚከልሉት ስፍራ ማንኛውንም ሰው እንዲያስወጡ ሥልጣን ሰጠ እንጂ። በተግባር ግን ከምዕራቡ ጠረፍ የተጋዙት 120 ሺህ ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ብዙዎቹ መጀመሪያ እንደ ሳንታ አኒታ ባሉ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳዎች፣ አንዳንዶቹም በፈረስ ጋጣ ውስጥ ሰነበቱ። ቀጥሎም ማንዛናርንና ቱሊ ሌክን ወደመሳሰሉ፣ በሽቦ ወደታጠሩ 10 ካምፖች ተወሰዱ። ለመጋዛቸው የግል ክስ አላስፈለገም፤ ዝርያቸው በቂ ነበር። ምክንያቱ «ወታደራዊ አስፈላጊነት» ነው ተባለ። ይሁን እንጂ ቦምቡ የወደቀው በሃዋይ ነበር፤ ከደሴቶቹ ሕዝብም ከሲሶው በላይ የጃፓን ዝርያ ነበረው። እዚያ ግን ጥቂቶች ተለይተው ከመታሰራቸው በቀር የጅምላ ግዞት አልተፈጸመም፤ ያን ሁሉ ሠራተኛ ማሰር የሃዋይን ኢኮኖሚ ማቆም ነበርና። አደጋው በቀረበበት ስፍራ ያላስፈለገ እስራት በካሊፎርኒያ «የግድ» የሆነበትን ምክንያት ከፀጥታ ሰነድ ይልቅ በእርሻ መሬት ፉክክርና በቆየ የዘር ጥላቻ ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

ከአሳሪዎቹ ይልቅ ዝም ያሉት ያስተምሩናል። በማርች 1942 ትእዛዙን የሚጥስን ሰው የሚቀጣው ሕግ በሁለቱም ምክር ቤቶች ያለ አንድ የተቃውሞ ድምፅ አለፈ። የመብት ጠበቃ በመሆን የታወቀው የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት ብሔራዊ ቦርድ እንኳ የትእዛዙን ሕገ መንግሥታዊነት በቀጥታ ላለመሞገት ወሰነ። የሰሜን ካሊፎርኒያ ቅርንጫፉ ነው አልታዘዝም ብሎ ከፍሬድ ኮሬማትሱ ጎን የቆመው። የኮሎራዶው ገዥ ራልፍ ካር የተጋዦቹን መብት በይፋ ተከላከሉ፤ በዚያው ዓመት የሴኔት ምርጫ ተሸነፉ። ግዞቱን ከገፋፉት አንዱ የነበሩት የካሊፎርኒያው ዋና ዐቃቤ ሕግ ኧርል ዋረን ደግሞ በኋላ የጥቁሮችንና የነጮችን ትምህርት ቤት መለያየት የሻረውን ፍርድ ቤት የመሩት እኒያው ሰው ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የክፉዎችና የደጎች ብቻ አልነበረም። ሰው ለአንዱ የሚቆረቆርበትን ልብ ለሌላው ሊነፍግ ይችላል።

ካሣው ሳይቀር ወገን ለየ። በ1988 የወጣው ሕግ በሕይወት ለተገኙት ተጋዦች ይቅርታና 20 ሺህ ዶላር ሰጠ። ነገር ግን በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካ ከላቲን አሜሪካ፣ በተለይም ከፔሩ፣ አስመጥታ ያሰረቻቸውን ከ2 ሺህ የሚበልጡ ጃፓኖች «በሕገወጥ መንገድ የገቡ» ናቸው በሚል አገላለላቸው። ራሷ አስገድዳ አምጥታቸው ነበር! በ1998 በፍርድ ቤት ስምምነት የተፈቀደላቸው 5 ሺህ ዶላር ብቻ ነው።

የ1944ቱን የኮሬማትሱ ውሳኔ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ስሕተት ነበር ብሎ አወገዘ፤ በዚያው ፍርድ ግን በዋነኛነት የሙስሊም አገሮችን የነካውን የጉዞ ክልከላ አጸደቀ። በጦርነቱ ጊዜ የውጭ ዜጋ የሆኑ ጃፓኖች፣ ጀርመኖችና ኢጣሊያኖች የታሰሩበት የ1798ቱ የጠላት አገር ዜጎች ሕግም በ2025 ከመዝገብ ወጥቶ፣ የወሮበላ ቡድን አባላት ናችሁ የተባሉ ቬኔዝዌላውያን ዳኛ ሳይሰማቸው ወደ ኤል ሳልቫዶር እስር ቤት ተላኩበት።

አሁን ወደራሳችን። በኖቬምበር 2021 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በአዲስ አበባ የትግራይ ተወላጆች በማንነታቸው በጅምላ ታሰሩ። በኦገስት 2023 በታወጀው ደግሞ ተራው የአማራ ተወላጆች ሆነ። ሁለቱንም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በየጊዜው በይፋ አሳስቦባቸዋል። በውጭ የምንኖረው ማኅበረሰብ ግን በአመዛኙ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተፈራረቀ፤ በ2021 «ሕግ ማስከበር ነው» ያለው በ2023 አደባባይ ወጣ፣ በ2021 አደባባይ የነበረው በ2023 ቤቱ ተቀመጠ። ለዝምታው ሁሉም ምክንያት አላጣም፤ የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ነው። በሳውዲ ዓረቢያ ማቆያዎች በ2020 የተጨናነቁት ስደተኞቻችንማ የማንም ወገን የፖለቲካ ጥቅም ስላልነበሩ ከጥቂት ሳምንታት በላይ የጮኸላቸው አልነበረም።

የምክር ቤት አባላት ረዳቶች ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ጠዋት አንዱ ማኅበር፣ ከሰዓት ሌላው ይመጣል፤ ሁለቱም እውነት ይዘው፣ ሁለቱም ግማሹን ትተው። ረዳቱም ሁለቱን ደብዳቤ አጣፍቶ «የእርስ በርስ ጠብ ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል፤ በዚህ የሚጠቀመው አሳሪው ብቻ ነው። ስለዚህ ረዳቶቹን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ስለ እስረኞች ሊያነጋግራችሁ የመጣን ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ ስለ ሌላኛው ዓመት እስረኞች ምን ብሎ እንደነበር ጠይቁት። የ1798ቱን ሕግ ለመሻር በ2025 በሁለቱም ምክር ቤቶች ለቀረበው ረቂቅም የአለቆቻችሁን ድጋፍ አሰጡ።

በመጪው የካቲት 12 ወደ ምክር ቤቱ የምንልከው ደብዳቤ የ2021ንና የ2023ን እስራት በአንድ ገጽ ይይዛል። ለፊርማ ከሁለቱም ወገን ያሉ ማኅበራትን እንጠይቃለን፤ ለአንዱ ዓመት ብቻ እፈርማለሁ የሚል ማኅበር ግን ስሙ በደብዳቤው ላይ አይሰፍርም።