ፍየሎቹን የሚጠብቀው ማን ነው?



ባለፈው እሑድ ስብሰባው አልቆ ቡና ስንጠጣ ወሬው እንደ ልማዱ አገር ቤት ገባ። ከስምንታችን አምስታችን ፍየል አለን። አለን ስል በስልክ ነው እንጂ አይተናቸው አናውቅም። አምስታችንም የምንለው አንድ ነው፤ “ላክሁ፣ ገዙ፣ በሉት።” እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ስል ነበር። ዛሬ ግን ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልጽፍ ነው። የምትቆጣኝ ካለች እሑድ ትቆጣኝ።

እኔ የባቲ አካባቢ ልጅ ነኝ። የባቲን የሰኞ ገበያ የማታውቅ የወሎ ልጅ የለችም፤ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝበት ነው። በ2010፣ ቤይሩት በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ለአባቴ የ8 ሴት ፍየሎች ገንዘብ ላክሁለት። ማታ ሳህኑን አጥቤ ስጨርስ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍሌ ቁጭ ብዬ በደብተር አሰላ ነበር። ፍየል አርግዛ በ5 ወር ትወልዳለች፣ ብዙ ጊዜም መንታ ትወልዳለች። 8ቱ 16 ወለዱ፣ እነዚያም ወለዱ፣ በአራት ዓመት ከመቶ አለፉልኝ። ሸጬ ኮምቦልቻ ቤት ሠርቻለሁ፣ ያው በደብተር።

በ2012 ሊራው ወድቆ ማዳም በዶላር መክፈል ስታቆም ተስፋዬ ያ መንጋ ብቻ ሆነ። በ2013 ወንድሜ ቪዲዮ ላከልኝ። ቆጠርኩ፣ 9 ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው 9። በኋላም አንዷ የጎረቤት ናት ተባልኩ።

ከአባቴ ጋር አራት ወር አልተነጋገርኩም። ሌባ አልኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በመጨረሻ እናቴ ደወለችና “ልጄ፣ እኔ ልቁጠርልሽ፣ አንቺ ጻፊ” አለችኝ። እናቴ ፊደል አታውቅም፣ ግን እያንዳንዷን ፍየል በመልኳ ታውቃታለች። ቀይዋ ሁለት ጊዜ ወልዳ ሦስት ግልገል ጅብና ቀበሮ በላባት። ዳለቻዋ አባቴ ሲታመም ለሐኪም ተሸጠች። ቡራቡሬዋን ወንድሜ ሸጦ ስልክ ገዛባት፤ ቪዲዮውን የላከልኝም በዚያው ስልክ ነው። ወንዶቹ አንዱ ለአረፋ ታረደ፣ ሁለቱ ለማዳበሪያ ዕዳ ሄዱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ደግሞ ዓይንና አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ አፋቸው ቆስሎ፣ ተቅማጥ ይዟቸው አራቱ ሞቱ።

ይህ የመጨረሻው በሽታ ደስታ መሰል የሚሉት ሳይሆን አይቀርም። የከብቱ ደስታ በ2003 ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ ታውጇል፤ የፍየልና የበጉ ግን አሁንም አለ። ክትባት አለው፣ አንዴ የተከተበች ፍየል ቢያንስ ሦስት ዓመት ትጠበቃለች። እኔ ለመግዣው ልኬ ለክትባቱ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ስሌቴም ቢሆን የልጅ ነበር። ግልገል ሴት ሆና አድጋ ራሷ እስክትወልድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይፈጃል፣ ከሚወለዱትም ግማሹ ወንድ ነው።

እናቴ ቆጥራ ስትጨርስ “እሺ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ማን ነበር የሚጠብቃቸው?” አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ “እህትሽ ናታ” አለች።

ታናሽ እህቴ ፍየሎቹ ሲገዙ 10 ዓመቷ ነበር። 4ኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቁማለች። ለኔ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በስልክ “እታለም፣ ፍየሎችሽ ደህና ናቸው” ስትለኝ ከትምህርት ቤት መልስ የምታያቸው ይመስለኝ ነበር። ፍየል ያሳደገች ታውቃለች፣ እንደ በግ አንድ ቦታ ቆማ አትግጥም። ግራሩ ላይ በሁለት እግሯ ትቆማለች፣ ገደል ትወጣለች፣ ዞር ካልሽባት የሰው ማሽላ ውስጥ ናት። ማሽላው ማሳ ላይ ካለበት ከሰኔ እስከ ኅዳር ድረስ ደግሞ ዓይንሽን ልትነቅዪ አትችዪም፣ ከጎረቤት ጋር ያጣላል፣ ካሳ ያስከፍላል። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው። ልክ እረኛ በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ማለት ነው። ከታጨደ በኋላ እንስሳው ቃርሚያው ላይ ሲለቀቅ ልጅቷ ትንሽ ታርፋለች፣ ያኔ ግን ትምህርቱ ጥሏት ሄዷል።

እኛ እዚህ የምንጮኸው ስለ ምንድን ነው? ደሞዛችን በወሩ ይከፈለን፣ በሳምንት አንድ ቀን እንረፍ፣ “እንደ ልጄ ነው የማያት” እያሉ በነፃ አያሠሩን ነው የምንለው። እኔ ይህን በየእሑዱ ስል፣ ባቲ ላይ አንዲት ልጅ ያለ ደሞዝና ያለ እረፍት ቀን የኔን ፍየል ትጠብቅ ነበር። እህቴ ስለሆነች።

አባቶች “ከዘመድህ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትነጋገድ” ይላሉ። እኔ ግን ከዘመድ ጋር ያለ ውል መነገድ ነው የሚያጣላው ባይ ነኝ። አገራችን ውስጥ ርቢ የሚባል ነገር አለ። ባለቤቱ ሴት ፍየል ይሰጣል፣ የሚያረባው ሰው ይጠብቃል፣ ወተቱ የጠባቂው ነው፣ ግልገሉን ይካፈላሉ። ውሉ እንደየሰፈሩ ይለያያል። ባዳ ለባዳ በዚህ ከተዋዋለ፣ እኛ ለገዛ እህታችን ይህን ብንነፍጋት ምን ይባላል?

በ2014 ጦርነቱ ሰፈራችን ሲደርስ ቤተሰቤ ሸሸ። ሲመለሱ 5 ፍየል ብቻ አገኙ። በነዚህ በ5ቱ ላይ በስልክ እንደገና ተዋዋልን። አጎቴ በምስክርነት ተቀምጧል። ከሚወለደው ግማሹ የእህቴ ነው። እሷ በፈረቃዋ ትማራለች፣ እሷ በሌለችበት ሰዓት የጎረቤት ልጅ በየተራ ይጠብቃል፣ ለእሱም በዓመት አንድ ግልገል ይደርሰዋል። የታመመ የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ ለእናቴ ይነግራል፣ እናቴ በየወሩ በመልካቸው ትቆጥርልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የክትባት ገንዘብ ለብቻው ነው የምልከው። አባቴ መጀመሪያ ደስ አላለውም። “በቤት ውስጥ ውል?” አለ። ለመኸር አንድ ወንድ ፍየል የእሱ ይሁን ስንለው ዝም አለ። ወንድሜም ስልክ ሲያምረው አሁን ሦስት ሰው ይጠይቃል።

መንጋው አሁን 14 ነው። መቶ አይሆንም፣ የኮምቦልቻውም ቤት ደብተሩ ውስጥ እንዳለ አለ። በመጪው እሑድ ፍየል ያላችሁ ሁሉ አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ፤ የሚጠብቃቸውን ሰው ስምና ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ጠይቃችሁ ኑ። ስንት እንደሆኑ ሳይሆን እሱን።

እህቴ አሁን 7ኛ ክፍል ናት፣ በዕድሜ ከጓደኞቿ ትበልጣለች፣ አታፍርም። ለዘንድሮ አረፋ አንድ ሙክት ሳትጠይቀኝ ሰኞ ገበያ አውጥታ ሸጠችና ጫማና ደብተር ገዛችበት። ስሰማ ተናደድኩ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ከዚያ ሙክቱ የእሷ ድርሻ እንደነበር ትዝ አለኝ።