«የለም» እና «ነገ ይገባል»



ነጋዴዎች በተሰበሰብን ጊዜ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ምንዛሪና ስለ ማጓጓዣ ብዙ እንናገራለን። ደንበኛ ከባንኮኒው ፊት ቆሞ ስለሚሰማው መልስ ግን የምንነጋገረው እምብዛም ነው።

በቅርቡ ለውኃ መሳቢያ ሞተር የሚሆን ጎሚኒ ፈልጌ መርካቶ ወርጄ ነበር። በመጀመሪያው ሱቅ የተቀመጠው ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «የለም» አለኝ። በሚቀጥለው ሱቅ ያለው ወጣትም ዕቃው አልነበረውም፤ ነገር ግን አሮጌውን ጎሚኒ ከእጄ ተቀብሎ ከለካው በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይህ ልክ የለኝም፤ ከታች ሦስተኛው ሱቅ ይጠይቁ፤ እዚያም ካጡት ስልክዎን ይተዉልኝና ሲገባ እደውልልዎታለሁ» አለኝ። በዚያ ቀን ሁለቱም አንድ ሳንቲም አላገኙብኝም። ከዚያ ወዲህ ግን የቧንቧ ዕቃ ባስፈለገኝ ቁጥር የምሄደው ወደ ሁለተኛው ነው።

ከ«የለም» ይልቅ የሚከፋው «ነገ ይገባል» የሚለው ነው። ዕቃው ጅቡቲ ወደብ መድረሱ እንኳ ሳይረጋገጥ ይህ ቃል ይሰጣል። ደንበኛውም አምኖ በማግስቱ የታክሲ ከፍሎ ይመለሳል፤ ምናልባት አንድ ጊዜ ይታገሣል። ሁለተኛ ከተታለለ ግን ይቀራል፤ ለምን እንደ ቀረም የሚነግረን የለም። በዚህ ነገር ቸርቻሪውን ብቻ መውቀስ አይገባም። አስመጪው ለጅምላ ሻጩ ቁርጡን ካልነገረው፣ ጅምላ ሻጩ ለባለሱቁ ምን ሊነግረው ይችላል?

የዋጋውም ነገር እንዲሁ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ብዙ ባለሱቆች ለደንበኞቻቸው የሰጡት መልስ «ጨምሯል» የሚል ብቻ ነበር። ገዢው ይህን ሲሰማ የሚያስበው ስለ ዶላር ሳይሆን ስለ ባለሱቁ ስስት ነው። እርግጥ ነው፣ አሮጌውን ጭነት በአሮጌ ዋጋ ሸጦ የጨረሰ ነጋዴ በዚያው ገንዘብ አዲሱን መተካት ሊያቅተው ይችላል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ታዲያ ለደንበኛው ለምን አይነገረውም? ዋጋውን በግልጽ ጽፎ መለጠፍ፣ ምክንያቱንም በሁለት ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፣ ዋጋ ስለ ተከራከረ ብቻ ለመግዛት እንዳይገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮትም እንዲስተናገድ ደንግጓል። እንግዲህ ትሕትና በሕግ የተጻፈ ግዴታ ነው ማለት ነው። በዚህ ረገድ የተቀጣ ሰው እኔ አላጋጠመኝም፤ ቅጣቱን የሚሰጠው ገበያው ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 የጅምላ፣ የችርቻሮ፣ የገቢና የወጪ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። በገንዘብ ብዛት ከእነርሱ ጋር መፎካከር የሚችለው ከመካከላችን ጥቂቱ ነው። የደንበኛውን ስምና የሞተሩን ዓይነት ማወቅ ግን ለእኛ ይቀላል።

ስለዚህ አስመጪዎች አንድ ነገር እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ፤ ጭነት በተነሣ ጊዜ፣ ወደብ በደረሰ ጊዜ፣ በዘገየም ጊዜ ለጅምላ ሻጮቻቸው አጭር መልእክት ይላኩ። ባለሱቁም ከገንዘብ መሳቢያው አጠገብ አንድ ደብተር ያኑር፤ የተጠየቀውንና ያልተገኘውን ዕቃ፣ የጠያቂውንም ስልክ ይመዝግብበት።