የጠብታ ሃምሳኛ እጅ

በገበያ በጣሳ እህል የሚሰፍር ነጋዴ ሲሞላ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ቢሰድ፥ ሸማቹ አፍጥጦ ይጠብቀዋልና ስርቆቱ ወዲያው ይገለጥበታል፤ በቤተ ሙከራ ተቀምጦ የሕሙማንን ደም የሚሰፍር ባለሙያ ግን፥ የሚይዘው መጠን ለዓይን እጅግ የረቀቀ ስለ ሆነ፥ ያጎደለውንም ያተረፈውንም ከገዛ እጁ በቀር የሚመሰክርበት የለም።

መስፈሪያው ፒፔት ይባላል። ቀድሞ ሊቃውንቱ ሳይቀሩ የመስታወቱን ዘንግ በአፋቸው እየሳቡ ይሰፍሩበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1893 አንድ ሐኪም የታይፎይድ ተሐዋስያን ያሉበትን ፈሳሽ በዚሁ አኳኋን ስቦ ለደዌው እንደ ተዳረገ ተመዝግቧል። በአውራ ጣት የሚገፋውን የዛሬውን ማይክሮፒፔት ሃይንሪሽ ሽኒትገር በጀርመን አገር በማርቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1957 ፈለሰፈው፤ አፍ ከዚህ መከራ ዳነ፥ የእጅ ስሕተት ግን እንደ ነበረ ቀረ።

አንዲት የውሃ ጠብታ 50 ማይክሮሊትር ያህል ናትና፥ አንድ ማይክሮሊትር የጠብታ ሃምሳኛ እጅ መሆኑ ነው። ይህን የመሰለ ኢምንት ምን ያመጣል የሚል ቢኖር የስኳር ምርመራን ይመልከት። በእጅ በሚሠራው በተለመደው ዘዴ 10 ማይክሮሊትር ሴረም ከ1000 ማይክሮሊትር መመርመሪያ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፤ ባለሙያው በ10 ፈንታ 11 የጨመረ እንደ ሆነ፥ ምግብ ሳይቀምስ ያደረ፥ ስኳሩም በእውነቱ 118 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ ሰው ወደ 130 ደርሶ ይነበባል፤ የስኳር በሽታ መለያ ወሰኑም 126 ነውና፥ ያላለፈውን ወሰን አልፈሃል ተብሎ በድንጋጤ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህች ትርፍ ከየት ትመጣለች ቢሉ፥ ምንጯ ብዙ ጊዜ ያው አውራ ጣት ነው። የፒፔቱ መግፊያ ሁለት መቆሚያ አለው፤ ፈሳሽ የሚሳበው እስከ ፊተኛው ብቻ ተገፍቶ ሲሆን፥ ኋለኛው የቀረውን አራግፎ ለማስወጣት የተሠራ ነው፤ እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ሁለቱን እያምታታሁ ለሳምንታት ከሚገባው በላይ ስስብ፥ ቍጥሩን በትክክል ስላነበብሁ ብቻ ልክ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ፒፔቱን አዘንብሎ መሳብ፥ ጫፉን ከሁለት ከሦስት ሚሊሜትር አብልጦ ማጥለቅ፥ አውራ ጣትን ባንድ ጊዜ መልቀቅ፥ ስበውም ጥቂት ሳይቈዩ ማውጣት፥ እነዚህም ሁሉ ስፍሩን ያናጋሉ።

ለደጋው አገራችን ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለ። ፈሳሹን በፒፔቱ ጫፍ አንጠልጥሎ የሚይዘው በመካከል የታሰረ አየር ነው፤ በከፍታ ቦታ የአየር ግፊት ዝቅተኛ ስለ ሆነ ይህ አየር ይበልጥ ይለጠጣል፥ የሚሳበውም ፈሳሽ በዚያው ልክ ያንሳል፤ ስለዚህ በባሕር ወለል ከፍታ ተስተካክሎ የመጣ ፒፔት፥ ከ2300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ጥቂት ያጎድላልና፥ የፋብሪካውን ምስክር ወረቀት ብቻ አምኖ መሥራት አይገባም።

የዜማ መምህር ምልክቱን በብራና ላይ ለይቶ ስለ ጠራ ብቻ ደቀ መዝሙሩን አዋቂ ነህ ብሎ አይሸኘውም፤ አስቁሞ ድምፁን ይሰማል፥ ሲስት ይመልሰዋል፥ እንደ ገናም ያስብለዋል። እኛ ግን ስለ ፒፔት በወረቀት ጠይቀን፥ በወረቀት አርመን፥ በወረቀት እናስመርቃለን። የኮሌጆቻችንን መምህራን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ ተማሪው የሰው ደም ከመንካቱ በፊት አሥር ጊዜ መቶ መቶ ማይክሮሊትር ውሃ በረቂቅ ሚዛን ላይ ያውርድ፥ እያንዳንዱም ወደ 100 ሚሊግራም መጠጋቱን መምህሩ ከጎኑ ቆሞ ይመልከት፤ አሥሩ እርስ በርሳቸው የተራራቁበት ተማሪ፥ የጽሑፍ ፈተናው ምንም ቢያምር፥ ወደ ውሃው ይመለስ። ለዚህ ፈተና የሚጠፋው ውሃ በጠቅላላው አንድ ሚሊሊትር ነው።