«ይሄ መቺ አይደክመውም እንዴ?»

የዛሬው ጨዋታዬ ከሩቅ አልመጣም፤ ከራሴ ቤት ነው። ልጆቻችሁ ማታ ማታ በር ዘግተው ላፕቶፕ ላይ «ቢት» የሚሠሩባችሁ ወላጆች፣ ከግድግዳው ማዶ ያችኑ ዱም ዱም እየሰማችሁ የምትተኙ አያቶች ነገሩን ታውቁታላችሁ።

የመጨረሻዋ እህቴ ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። በእኛ ቤት ሠርግ ማለት እናቴ ከበሮ ስትይዝ ማለት ነው። እኔ ሳገባ እሷ መታች፤ ወንድሜ ሲያገባ እሷ መታች፤ የሰፈሩ ልጆች ሲዳሩም «እማማ ካልመጡ ዘፈን አይነሳም» እየተባለ በመኪና ትወሰድ ነበር። ዘንድሮ ግን ከበሮው ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። አምና ክረምት አዳልጧት ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ስኒ ታነሳበታለች፤ ጀበና አታነሳበትም።

የ16 ዓመቱ ልጄ ይህን አይቶ በልቡ አንድ ነገር አሰበ፤ ለአክስቱ ሠርግ የሚሆን የከበሮ ምት በኮምፒውተር መሥራት። ለማንም ሳይናገር ሁለት ሳምንት ደከመበት። እኔ ምን አደረግሁ? በሩን ከፍቼ «ፈተና ደርሶብህ በጨዋታ ጊዜህን ትፈጃለህ!» አልኩት። ምን እየሠራ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁትም።

አንድ እሁድ ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ላፕቶፑን አምጥቶ ለአያቱ አሰማት። ምቱ ጥርት ያለ ነው፤ አንድም ስህተት የለበትም። እናቴ ራሷን ዘንበል አድርጋ አንድ ደቂቃ ሰማች፤ ሁለተኛውንም ደቂቃ ሰማች። ከዚያ፣ «ጎበዝ ነህ የኔ ልጅ። ግን ይሄ መቺ አይደክመውም እንዴ?» አለች።

ሁላችንም ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ላፕቶፑን ዘግቶ ክፍሉ ገባ። ማታ ላይ ታናሽ እህቱ መጥታ «አባዬ፣ የሠራውን ሁሉ ሊያጠፋው ነው» ስትለኝ ደነገጥኩ። ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና «እስቲ አሳየኝ» አልኩት።

«ምኑን?» አለ ቀና ሳይል።

«የሠራኸውን። ከመጀመሪያው ጀምረህ።»

ያሳየኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ። የልጆቻችንን የሥራ ቋንቋ በጥቂቱም ቢሆን ካላወቅን «ጎበዝ» ወይም «ዝጋው» ከማለት ሌላ የምንላቸው አይኖረንም።

የኮምፒውተር ድራም ሲባል ብዙ ጊዜ ከባዶ የተፈጠረ ድምፅ አይደለም። ለምሳሌ ኢዚድራመር የተባለውን ሶፍትዌር የሚሠራው የስዊድኑ ኩባንያ ቱንትራክ እውነተኛ ድራም ስቱዲዮ አስገብቶ፣ እያንዳንዱን በቀስታም በኃይልም እያስመታ ይቀዳል። ልጁ አንድ ቁልፍ ሲነካ ከእነዚያ ቅጂዎች አንዱ ይሰማል። ስለዚህ ድምፁ መነሻው የሰው እጅ ነው። ዋናው ጥያቄ የትኛው ቅጂ፣ መቼ ይሰማ የሚለው ነው።

«ሉፕ» የሚሉት ደግሞ አጭር የምት ዙር ነው፤ ሲያልቅ ራሱን ይደግማል። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው የተቀዳ ድምፅ ነው። ይህ እንደ ተጋገረ እንጀራ ነው፤ ትቆርሰዋለህ፣ ትጠቀልለዋለህ እንጂ መልሰህ ሊጥ አታደርገውም። ሁለተኛው ሚዲ ይባላል። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነ፣ የተለያዩ ኩባንያዎች የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚግባቡበት ቋንቋ ነው። በውስጡ ድምፅ የለም፤ ያለው ትእዛዝ ብቻ ነው፦ የቱን ምታ፣ መቼ ምታ፣ በምን ያህል ኃይል ምታ። ይህኛው ገና ሊጥ ነው፤ ልትጨምርበት፣ ልትቀንስለት ትችላለህ።

ያ የኃይል መጠን «ቬሎሲቲ» ይባላል። ከ1 እስከ 127 ይቆጠራል። ትንሹ ቁጥር የጣት ጫፍ ነው፤ ትልቁ ሙሉ መዳፍ። ስክሪኑ ግርጌ ላይ እያንዳንዱ ምት የቆመ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ኃይለኛው ረጅም፣ ደካማው አጭር። የልጄን ሥራ ከፍተን ስናይ መስመሮቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ልክ እንደ አዲስ ቆርቆሮ አጥር። በማውስ አንድ በአንድ ሲያስገባቸው ሶፍትዌሩ ለሁሉም 100 ሰጥቷቸዋል። ያቺኑ አጭር ዙር ደግሞ ከ40 ጊዜ በላይ ለጥፏታል። አያቱ ስክሪን ሳታይ በጆሮዋ ብቻ ያገኘችው ይህንኑ ነው።

«ታዲያ አንዳንዱን ድምፁን ዝቅ ብታደርገውስ?» አልኩት፣ አዋቂ መስዬ።

«አባዬ፣ እሱ ቮልዩም ነው። ሌላ ነው» አለኝ።

ለካ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማናለች። «ልክ ነው» አለች። «ሹክሹክታን በማይክ ብታጮኸው ያው ሹክሹክታ ነው።»

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ቆዳ በቀስታ ሲመታ ድምፁ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ክብና ለስላሳ ይሆናል። በኃይል ሲመታ ይሰላል፣ ይሰነጥቃል። ጥሩ ሶፍትዌር ቬሎሲቲው ሲቀየር ሌላ ቅጂ የሚያመጣው ለዚህ ነው። ቮልዩም ሰሚው የት እንደ ቆመ ይቀይራል፤ ቬሎሲቲ ግን የመቺውን እጅ ይቀይራል።

እናቴ ገብታ ተቀመጠች። «እንደገና ክፈተው» አለችው። ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «ምቱም የኛ አይደለም። እግር ያስራል።» በግራ እጇ ጉልበቷን መታ መታ እያደረገች አሳየችው። ልጄ ቆጠረ፤ ስድስት። የኛ ችክችካ በስድስት በስድስት ነው የሚሄደው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ግን የሚያቀርበው በአራት የሚቆጠር፣ 16 ሳጥን ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ሉፕም አብዛኛው ለዚያ የተሠራ ነው። ልጄ ችክችካን እዚያ ውስጥ ሲያስገባ በጠባብ ጫማ የሚሄድ ሰው አስመስሎት ኖሯል። ቆጠራውን ወደ 6/8 ቀየረው። እናቴ አሁን ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች፤ ቋንቋ አላስፈለገም።

በማግስቱ ከበሮው ከቁም ሳጥን ላይ ወረደ። ከሶፍትዌሩ ጋር የመጣው ድራም የፈረንጅ ስለሆነ የራሳችንን እንቅዳ አለ ልጄ። አያቱ ታዛለች፣ እሱ ይመታል፣ እኔ ስልክ ይዤ እቀዳለሁ። «በጣት ጫፍ! አሁን በግማሽ መዳፍ! አሁን ሙሉውን! አሁን እንደ ተናደድክ!» አራት ዓይነት ኃይል፣ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ፤ ለሰፊው ፊት 12፣ ለጠባቡ ፊት 12፣ በጠቅላላው 24 ቅጂ።

«ሦስት ጊዜ ለምን? አንዱ አይበቃም?» አልኩ።

«አንዱ ቅጂ በፍጥነት ሲደጋገም መትረየስ ይመስላል» አለ። «ሶፍትዌሩ ሦስቱን እያፈራረቀ ሲያሰማ ነው እጅ የሚመስለው።» እናቴ ጨመረች፦ «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መትቶ አያውቅም።»

ከዚያ ምቱን ማስገባት ቀረ። ልጄ ከጓደኛው ባለ 25 ቁልፍ ትንሽ ኪቦርድ ተውሷል፤ ቁልፉ ሲነካ በምን ኃይል እንደ ተነካ ይመዘግባል። ዋና ዋናዎቹን ምቶች ልጁ በደንብ አስገባቸው። በመካከላቸው ያሉትን ትንንሾቹን ግን አልቻለም፤ የወጣት እጅ ነውና ሲነካ 70፣ 80 ይሆንበታል። «ቀስ! ቀስ!» አለች እናቴ። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና ያንን የደከመ ቀኝ እጇን ራሷ ቁልፉ ላይ አሳረፈች።

ስክሪኑ ላይ አጫጭር መስመሮች ወጡ። 22፣ 31፣ 27። ከልጁ ረጃጅም መስመሮች ጎን ሲታዩ እንደ ሣር ናቸው። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ አየቻቸው።

«ይሄ የኔ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ይቺ ብቻ ናት የቀረችኝ?»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ልጄ ግን ፊቱን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ «እማማ፣ የጎደሉኝ እኮ እነዚህ ናቸው» አላት። አጫወተው። በትልልቆቹ ምቶች መካከል የገቡት ትንንሾቹ ለብቻቸው አይሰሙም፤ ሲወጡ ግን ዘፈኑ ይወድቃል። አንድ ጊዜ አጥፍቶ፣ አንድ ጊዜ መልሶ አሰማን። ከበሮው ሲተነፍስና ሳይተነፍስ የሰማሁት ያኔ ነው።

ሶፍትዌሩ «ሂዩማናይዝ» የሚል ቁልፍም አለው፤ ቁጥሮቹን በዘፈቀደ ከፍ ዝቅ አድርጎ ምቱን ሰው ያስመስላል ይባላል። ሞከርነው። የተሻለ ሆነ፤ የእናቴን ግን አልሆነም። ምክንያቱ ስክሪኑ ላይ ይታያል። የእሷ መስመሮች እኩል ባይሆኑም በዘፈቀደ የተበተኑ አይደሉም፤ ከኃይለኛው ምት በፊት ያለው ሁልጊዜ ጥቂት ከፍ ይላል፣ የዙሩ መጨረሻ ላይ ያለው ጥቂት ይወርዳል። የሰው እጅ ልክ አለመሆኑም ሥርዓት አለው።

አያቱ ሌላም አስተማረችው። «አውጪዋ ስታወጣ ከበሮ ዝም ይበል፤ ተቀባዮቹ ሲቀበሉ ይነሳ።» ልጄ ሉፑን እንዳለ ከመለጠፍ ይልቅ አውጪዋ ያለችበትን ከ40 እስከ 60 አወረደው፤ ተቀባዮቹ ያሉበትን ከ90 በላይ አወጣው። በየስምንተኛው ዙር ደግሞ አንድ ምት አወጣ። «እዚያ ጋ መቺው እጁን ያራግፋል» አለኝ እየሳቀ።

«ማሽን ምንጊዜም ማሽን ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እል ነበር። ግን የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና በድራም ማሽን ብቻውን የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ የዓለም ጆሮ አግኝቷል። ድራም ማሽኑ ያው ማሽን ነበር፤ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ግን ምቱን ከቤቱ ይዞ የሄደ ነው። ልጆቻችን ማሽኑን አግኝተዋል። ምቱ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ሳሎን ውስጥ፣ ጋቢ ለብሶ ቡና በሚጠጣው ሰው ዘንድ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ «ስሙልኝ» ሲላችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ሄድፎኑን አስወልቃችሁ በስፒከር፣ በመጠነኛ ድምፅ አብራችሁ ስሙ፤ ለጆሮውም ይበጃል፣ ለምቱም። ሁለተኛ፣ «ጥሩ ነው» ብቻ አትበሉ፤ የት ላይ እንደ ሰለቻችሁ ንገሩት። የሰለቻችሁበት ቦታ ብዙ ጊዜ መስመሮቹ እኩል የሆኑበት ነው። ሦስተኛ፣ እውነቱን ስትነግሩት እኛ እንዳደረግነው በሰው ፊት አትሳቁ። እናቴ ያለችው ትክክል ነበር፤ ሳቁ ግን የኛ ጥፋት ነው። ያችን እሁድ ሁሉም ሊጠፋ ትንሽ ነበር የቀረው።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት ማታ ልጄ የአያቱን አንድ ዙር ቀድቶ እስከ ዘፈኑ መጨረሻ ሊለጥፈው ሲል እናቴ ያዘችው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልደግመው ነዋ እማማ። ሉፕ።»

«የኔን እጅ አትድገመው» አለችው። «ይደክመኛል። ነገ ማታ መጥቼ ሌላውን እመታልሃለሁ።»

ዛሬም ማታ ትገባለች። እኔም ወንበር ይዤ እገባለሁ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።