መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የሚቀር ምስጢር

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የወር የደም ግፊት መድኃኒቴን ለመግዛት አንድ መድኃኒት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። መድኃኒት ቤቱን በስም አልጠራውም፤ ከሌሎቹ የተለየ ጥፋት የለበትምና። ከመስኮቱ ፊት ሰልፍ ለማለት የሚያስቸግር የሰው ክምችት አለ። ሁሉም ክንዱን ዘርግቶ ማዘዣውን በመስታወቱ ቀዳዳ ለማሾለክ ይታገላል። ፋርማሲስቷ በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ ድካም ከፊቷ የሚነበብ ወጣት ናት። የተቀበለቻቸውን ወረቀቶች ደርድራ አንድ በአንድ እያነሳች መደርደሪያውን ትቃኛለች። ከመካከላቸው አንዱን አነሳችና ከጫጫታው በላይ ለመሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ይቺ የአማኑኤል ማዘዣ የማን ናት? አንደኛው መድኃኒት የለንም፤ ሁለተኛውን ብቻ ልስጥ?" ስትል ጠየቀች።

መልስ የሰጠ የለም። አንዲት እናት አጠገባቸው የቆመውን ወጣት "ያንተ ነው እንዴ ልጄ?" አሉት፤ በደግነት ነው። "ኧረ እማማ፣ የእኔ የጉንፋን ነው!" ብሎ ሳቀ። ሌሎችም ሳቁ። ፋርማሲስቷ ደግማ ጠርታ ባለቤት ስታጣ ወረቀቷን ወደ ጎን አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች። ከበስተኋላዬ ቆሞ የነበረ፣ ሸሚዙን በወጉ የተኮሰ ጎልማሳ ግን ተራውን ትቶ ቀስ ብሎ ወጣ። ማዘዣው የእርሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሌላ ጉዳይ ትዝ ብሎትም ሊሆን ይችላል። እኔ መድኃኒቴን ይዤ ስወጣ ግን ያቺ ወረቀት እዚያው ነበረች።

እንደሚታወቀው በከተማችን "አማኑኤል" የሆስፒታል ስም መሆኑ ቀርቶ የበሽታ ስም ሆኗል። "አማኑኤል ገባ" ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሆስፒታሉ ለዚህ ጥፋት የለበትም፤ ስሙን በማዘዣው ራስጌ ላይ ማተሙም ግዴታው ነው። ነገር ግን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን ዛሬ ቀርቶ ነገ የሚዋጥ አይደለም። ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሕመሙ ሲመለስ ሥራ፣ ትዳር፣ አንዳንዴም ሕይወት ይዞ ይሄዳል። የዚያች ወረቀት ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ ያን ቀን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት፦ መድኃኒቱን ወይም ስሙን።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለው ተረታችን ብዙ ሰው ወደ ሐኪም እንዲሄድ ረድቶ ይሆናል። ተረቱ የማይነግረን በሽታው የሚገለጠው ለማን እንደሆነ ነው። ለሐኪሙ ነው ወይስ ለሰፈሩ? በእኛ አገር ሐኪሙ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረን ነገር አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል ይፋ ይሆናል።

እስቲ ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ይህ በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ስለሆነ አላሰለችም። ወደ ጉዳያችን የሚቀርበው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ነው። አንቀጹ በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር ማውጣት ከሚያስቀጣቸው ሰዎች መካከል ጠበቆችን፣ የሃይማኖት አባቶችን፣ ሐኪሞችን፣ ነርሶችን ብሎም ፋርማሲስቶችን ይጠቅሳል። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ነጋዴ ነው፣ ምስጢር የሐኪም ነው የሚል ክርክር የትም አያደርስም። ሕግ አውጪው ፋርማሲስቱን ከንስሐ አባት ጎን አስቀምጦታል።

ይሁን እንጂ አንቀጹ በተግባር የተኛ ነው፤ የተኛበትም ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ወንጀሉ የታሰበ ድርጊት ይፈልጋል። በወንጀል ሕጋችን ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው (አንቀጽ 59)። በጫጫታ መካከል ድምፅዋን ከፍ ያደረገች ፋርማሲስት ምስጢር ለማውጣት አስባ አይደለም። ውጤቱን ገምታ "የመጣው ይምጣ" ብላለች ብሎ መከራከር ለዐቃቤ ሕግ የሚቻል ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ቆማ ለዋለች ልጅ ይህን ክስ የሚያቀርብ ሰው እኔ አልሆንም። ሁለተኛ፣ ክሱ የሚነሳው በተበዳዩ አቤቱታ ነው። ምስጢሬ ወጣብኝ ብሎ አቤት የሚል ሰው ያንኑ ምስጢር ለፖሊስ ጣቢያ ተረኛ፣ ለመርማሪው፣ ከዚያም ለችሎት መንገር አለበት። በእርግጥ የግል ሕይወትን ለመጠበቅ ሲባል ፍርድ ቤት በዝግ ሊያስችል እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ይፈቅዳል። ዝግ ችሎት ድረስ የሚደርሰው ግን ከፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር ያለፈ ነው።

በፍትሐ ብሔር ካሣ እጠይቃለሁ የሚል ካለ ደግሞ የ1952ቱ ሕግ ይጠብቀዋል። በአንቀጽ 2116 ለሞራል ጉዳት ካሣ የተቀመጠው ጣሪያ አንድ ሺህ ብር ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አንድ ሺህ ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለጠበቃው ፎቶ ኮፒና ለታክሲ ከበቃው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ እንመለስ። ችግሩን በፋርማሲስቶች ሥነ ምግባር ማሳበብ ቀላል ነው፣ ትክክል ግን አይደለም። ብዙዎቹን አውቃለሁ፤ ምስጢር ጠባቂዎች ናቸው። የሚያጋልጠን የአሠራሩ ቅርፅ ነው። በመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ማዘዣውን አይቶ ይተምናል፣ ሌላው ገንዘብ ይቀበላል፣ ሦስተኛው መድኃኒቱን አስረድቶ ይሰጣል። አሠራሩ ለገንዘብና ለንብረት ቁጥጥር ጥሩ ነው። ለሕመምተኛው ግን በሦስት መስኮት ሦስት ጊዜ ስሙ ይጠራል፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ "ይሄን ማታ ማታ፣ ይሄን ደግሞ ለባለቤትህም ስጣት" ተብሎ ይመከራል። ምክሩ የሙያ ግዴታ ነው፤ ያለ ምክር የተሰጠ መድኃኒት መርዝ ሊሆን ይችላል። አባላዘር በሽታ የያዘው ሰው ግን "ለባለቤትህም" የሚለውን ቃል ከኋላው የቆሙት አሥር ሰዎች ሲሰሙ የቀረውን ምክር አያዳምጥም። ቶሎ ተቀብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። እንግዲህ ምስጢር ያልተጠበቀበት ምክር ምክር አይደለም ማለት ነው።

ከዚህ በፊት በሌላ መንገድ ሞክረነው ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር በየሆስፒታሉ ለብቻው ክፍል ተዘጋጀ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ሕመምተኛው ተረጋግቶ እንዲመከር። ውጤቱ ግን በሩ ራሱ አፍ አውጥቶ መናገሩ ሆነ። ያንን በር ሲከፍት የታየ ሰው ሌላ ምርመራ አላስፈለገውም። የሰፈሩን ጤና ጣቢያ ትቶ ከተማ አቋርጦ መድኃኒት የሚወስደውን ሰው ቁጥር ባላውቅም፣ ሰዎቹን ግን አውቃለሁ፤ አንባቢም ያውቃል። በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት መጸዳጃ ቤት ገብተው ልጠው የሚጥሉም ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ለአንድ በሽታ ለብቻው መስኮት መክፈት እንደማያዋጣ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት መስኮት፣ በአንድ ዓይነት ዝምታ ሲስተናገድ ነው ማንም የማይለየው።

ከመስኮቱ የባሰው ደግሞ የመድኃኒት እጥረት ነው። ስለ እጥረት ስንጽፍ ሁልጊዜ የምናነሳው ዋጋውንና የውጭ ምንዛሪውን ነው። እጥረት ምስጢርንም እንደሚያጠፋ ማንም ልብ አላለውም። መድኃኒቱ በመጀመሪያው መድኃኒት ቤት ቢገኝ ማዘዣውን የሚያየው አንድ ሰው ነበር። ሳይገኝ ሲቀር ወረቀቱ ከፒያሳ እስከ መገናኛ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ መስኮት "አለ ወይ?" ተብሎ ይታያል፣ በእያንዳንዱ መስኮት "ይሄ የምን መድኃኒት ነው?" ብሎ የሚያንጋጥጥ አለ። ያም ካልተገኘ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የበሽታው ስም፣ የሐኪሙ ፊርማ ሁሉም አለበት። የሚለጥፉት ብዙውን ጊዜ ጨንቋቸው የሚሯሯጡ ልጆችና ወንድሞች ናቸው። ከዚያ ደግሞ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለው ዘመድ ይላካል፣ እርሱም ሻንጣ የሚቀበል መንገደኛ ሲፈልግ ለማያውቀው ሰው ያስተላልፋል። አንዲት የማውቃት ሴት የእናቷን የካንሰር መድኃኒት በዚህ መንገድ ካስመጣች በኋላ፣ እናቷ ገና ያልተነገራቸውን የሕመም ስም ለቅሶ ቤት ውስጥ ከሌላ ሰው አፍ ሰሙት።

ይህን ሁሉ ከሩቅ እንደሚታዘብ ሰው ብጽፍ ግን ታማኝ አልሆንም። የዛሬ ብዙ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ አማካሪ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ የሠራተኛውን የሕክምና ወጪ ይሸፍናል። አሠራሩ ዛሬም በብዙ ቦታ ያለው ነው፤ ሠራተኛው ደረሰኙን ከማዘዣው ጋር አያይዞ ለፋይናንስ ያቀርባል፣ ሒሳብ ሠራተኛው ያወራርዳል፣ ኦዲተር ያያል፣ ፋይሉ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። አንድ ቀን የአንድ ሠራተኛ የዕድገት ጉዳይ ለአስተያየት ቀረበልኝ። ማኅደሩን ስገልጥ ከዲሲፕሊን ደብዳቤዎች በፊት ያገኘሁት በስቴፕለር የተሰፉ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ማዘዣዎች ነበሩ። ለምን እዚያ እንዳሉ ማንም አልጻፈም፣ መጻፍም አላስፈለገም። የመስክ ሥራ ያለበት የሥራ መደብ ነበር። እኔ የተጠየቅኩት ስለ ደንቡ አተረጓጎም ብቻ ስለሆነ ስለ ደንቡ ብቻ ጻፍኩ። ሰውየው ዕድገቱን አላገኘም። "እነዚህ ወረቀቶች እዚህ ምን ይሠራሉ?" የምትል አንዲት መስመር ብጨምር የሚያግደኝ አልነበረም። አልጨመርኩም። ሕግ ተምሬ ነበር፣ የሙያ ምስጢር ምን ማለት እንደሆነም አውቅ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው መረጃዎች ይመድባል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለ አዋጁ በየስብሰባው ሲወራ የምሰማው ስለ ባንክ፣ ስለ ቴሌኮምና ስለ ዲጂታል መታወቂያ ነው። የፋይናንስ ክፍሉን የብረት ሳጥን ያነሳው ሰው አላጋጠመኝም። የሠራተኛን ማዘዣ ሰብስቦ፣ በስም ለይቶ፣ ለዓመታት የሚያስቀምጥ ቀጣሪ ግን ስሱ የጤና መረጃ ያከማቻል። ለምን ዓላማ? ሒሳብ ለማወራረድ ከሆነ ሒሳቡ በተወራረደ ማግስት ለምን ይቀመጣል? የወጪውን ትክክለኛነት ለማረጋገጥስ የመድኃኒቱ ስም በእርግጥ ያስፈልጋል? በእኔ አስተያየት አያስፈልግም፤ የመድኃኒት ቤቱ ማኅተም ያለበት ጠቅላላ ዋጋና ማዘዣው መታየቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ ይበቃል። ማጭበርበርን የሚፈራ ድርጅት አንድ የምስጢር ግዴታ የፈረመ ሐኪም ወይም ነርስ መድቦ ማስመርመር ይችላል።

ሌላው ዓለም ይህን የፈታው በመልካም ምኞት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሲቪኤስ የተባለው የመድኃኒት ቤቶች ኩባንያ የደንበኞች ስም ያለባቸውን የመድኃኒት ብልቃጦች ክፍት የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጥሎ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ከመንግሥት ጋር የተስማማበት ክፍያ 2.25 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለቆሻሻ! እዚያ በመድኃኒት ቤት የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ከመስኮቱ ፊት ያለውን መስመር ደንበኛው ለምን እንደማያልፍ ከእኔ በተሻለ ይነግሩናል። የእነርሱን ቅጣት እንቅዳ አልልም። አንድ የሰፈር መድኃኒት ቤት በዚያ ዓይነት ቅጣት ከተዘጋ ሕመምተኛው የሚገዛበት ያጣል።

የእኛ መድኃኒት ቤት የሚያስፈልገው ገንዘብ ያን ያህል አይደለም። ባንኮቻችን ተራ ቁጥር ይሰጣሉ፤ "ቁጥር 14" ተብሎ የተጠራ ሰው ምን እንዳለበት ማንም አያውቅም። ማዘዣ በጀርባው ተገልብጦ ይቀመጥ። የተወሰነው መድኃኒት ሲጠፋ ስሙን ከመጮህ ባለ ቁጥሩን ወደ ዳር መጥራት ይቻላል። ሁለት ሰው የሚያቆም፣ ወገብ ድረስ የሚከልል ጣውላ ያለበት የምክር ጥግ ለአንድ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ልጅ ወይም ጎረቤት ለተላከበት መድኃኒት የታሸገ ወረቀት ይበቃል። ፎቶ የሚለጥፉ ቤተሰቦችም ከመላካቸው በፊት የማዘዣውን የላይኛውን ክፍል በጣታቸው ቢሸፍኑ የሚፈለገው የመድኃኒቱ ስምና መጠን ብቻ ነው። ለዚህ ሁሉ አዋጅ መጠበቅ አያሻም፤ የኢትዮጵያ ፋርማሲዩቲካል ማኅበር አንድ ገጽ ጽፎ ቢያሰራጭ ይበቃል።

የመሥሪያ ቤቶቹ ጉዳይ ግን በበጎ ፈቃድ የሚያልቅ አይመስለኝም፤ ባለሥልጣኑ በመመሪያ ሊገባበት ይገባል። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ቀድሞ እሠራበት ወደነበረው መሥሪያ ቤት ደውዬ የሕክምና ወጪ እንዴት እንደሚወራረድ ጠይቄ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትህትና አስረዳችኝ፦ "ደረሰኙን ከማዘዣው ጋር አያይዘው ያመጣሉ ጋሼ። ዋናውን ነው ታዲያ፣ ኮፒ አንቀበልም።"