የኮሌጁ ቅዳሜ እንዳይቀርብን

ባለፈው ጥር ወር ከሰፈራችን በላይ ያለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በአንዱ ቅዳሜ ቤተ ሙከራዎቹንና ወርክሾፖቹን ለተማሪዎችና ለወላጆች ከፍቶ መዋሉ ይታወሳል። ይታወሳል የምንለው ለመጡት ነው። የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ከመጡትም አብዛኞቹ ልጆች ሲሆኑ፣ ወላጅ ሆኖ የተገኘው ከሃያ አይበልጥም። አሁን እንደሰማነው ከሆነ ኮሌጁ «ሰው ካልመጣ ለምን እንደክማለን» በሚል ዝግጅቱን እርግፍ አድርጎ ሊተወው ነው። እኛ ደግሞ መተው የለበትም እንላለን። ምክንያታችንንም፣ ቅሬታችንንም፣ የራሳችንንም ጥፋት ጭምር ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ከራሳችን እንጀምር። ማስታወቂያውን የለጠፍነው ዕለቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ያውም ከእድር የቀብር ማስታወቂያ ሥር። ወረቀቱም «የሳይንስ ንቅናቄ መርሐ ግብር» ይል ነበር። ይህን አንብቦ «የእኔ ጉዳይ ነው» የሚል ማን አለ? ስብሰባ የመሰለው ብዙ ነው። አንድ ጎረቤታችን «መዋጮ የሚጠየቅ መስሎኝ ቀረሁ» ብለውናል፤ አልፈረድንባቸውም።

ላልነበራችሁ የታየውን እንንገራችሁ። በኤሌክትሪክ ክፍል አስተማሪው አንድ የእንጀራ ምጣድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ይህ ስንት አምፑል ያህላል?» ሲል ጠየቀ። ልጆቹ አሥር አሉ፣ ሃያ አሉ፤ አንዱ ደፋር ሃምሳ አለ። ነገሩ ሲሰላ አንድ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ዛሬ ቤታችን የምንሰቅለው ቆጣቢ አምፑል 10 ዋት ያህል ነው። ስለዚህ አንዲት እናት ምጣድ ሰካች ማለት 350 አምፑል ባንድ ጊዜ አበራች ማለት ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል በሽቦው ውስጥ ያልፋል። ቀጥሎ የተነገረውን ግን ማንም ልብ ሊለው ይገባል፤ በአንድ ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ቢሆን የሽቦው ሙቀት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ። እስቲ በሰፈራችን ለቴሌቪዥን በተገዛች ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ምጣድ የሚሰካ የለም? አለ እንጂ! ዓርብ ማታና ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲጋግር መብራቱ ለምን እንደሚደክም፣ ትራንስፎርመሩም ለምን እንደሚያጉረመርም ያን ዕለት ገባን። ከመጡት እናቶች አንዷ ቤታቸው ሲመለሱ የምጣዳቸውን ሶኬት አስፈትተው ቢያዩ ውስጡ ጠቁሮ፣ የሽቦው ልባስ ቀልጦ አገኙት። ይህን ያገኙት በአንድ ቅዳሜ ነው።

በኬሚስትሪው ክፍል ደግሞ ውሃ ተጥዶ ቴርሞሜትር ገባበት። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። የእኛው ውሃ ተንፈቀፈቀ፣ ቴርሞሜትሩ ግን 92 ላይ ደርሶ ቆመ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «ተበላሽቷል» አለ፤ ልጆቹም ሳቁ። ዕቃው አልተበላሸም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከላያችን ያለው አየር ስስ ነው፤ በውሃው ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚያንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ቶሎ ፈላ ማለት ግን ቶሎ አበሰለ ማለት አይደለም፤ በ92 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ያለ ባቄላ በ100 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ካለው ይዘገያል። የግፊት ድስት የሚባለውም ሥራው ይኸው ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ጫናውን በመጨመር ውሃው ከመቶ ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ይይዘዋል።

ይህ ሲነገር ከኋላ ቆመው የነበሩ አንዲት አሮጊት «እኔ ባለቤቴ ምድር ባቡር ሲሠራ አዋሽ ነበርኩ፤ እዚያ ሽንብራው ቶሎ ይበስልልኝ ነበር፤ ውሃው መስሎኝ ነበር እኮ!» አሉ። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ አሰላው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ነው፤ ውሃ እዚያ በ97 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እማማ ከዘመናት በፊት ድስታቸው ላይ ያዩት ነገር ልክ ነበር፤ ምክንያቱን የነገራቸው ግን አልነበረም። ወላጆች ልጆቻችሁን ከመላክ አልፋችሁ ራሳችሁ ኑ የምንለውም ለዚሁ ነው። ልጆቹ ቁጥሩን ያውቁታል፤ ድስቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። «እኔ አልተማርኩም፣ እዚያ ገብቼ ምን እሠራለሁ?» የሚለውን ወሬ እንተወው።

የእንዶዱን ታሪክ የሰማ ይህን አይልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። በሽታው የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ስለሆነ ነገሩን ተከታተሉት፤ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ተረጋገጠ። ሥራውን አብረዋቸው ከገፉት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ነገሩ የተጀመረው ግን ከልብስ አጣቢዎች ዘንድ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንምጣ። ኮሌጁ ወዳጃችን ስለሆነ ደብቀን አናሳልፈውም።

አንደኛ የበሩ ጉዳይ ነው። ዘበኛው መታወቂያ ያልያዘውን ሁሉ ሲመልስ አረፈደ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ልጇን አስከትላ ለመጣች እናት መታወቂያ ምን ያደርጋል? ሦስት አራት ሰው ተቀይሞ ሲመለስ በዓይናችን አይተናል። ለንደን ውስጥ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚባለው ተቋም ከ1825 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገና ሰሞን ለወጣቶች የሳይንስ ትምህርት ሲያቀርብ ኖሯል። ከአቅራቢዎቹ ሁሉ ስመ ጥሩው ማይክል ፋራዴይ ነው፤ እሱም በልጅነቱ የመጽሐፍ ጠራዥ ሎሌ ነበር። እዚያ አዳራሽ መጀመሪያ የገባው ደንበኛ የነበረ ሰው መግቢያ ቲኬት ሰጥቶት ነው። በር ላይ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ምን ይቀር እንደነበር አስቡት።

ሁለተኛ ንግግሩ በዛ። ሥራው የተጀመረው ከአንድ ሰዓት ተኩል ንግግር በኋላ ነው፤ ሕፃናቱ ወንበር ላይ ተኝተው ነበር። ያን ያህል ጊዜ ለንግግር ተገኝቶ ለጥያቄ ግን ጠፋ። ሻማ በሳህን ውሃ መካከል አቁመው ብርጭቆ ደፉበት፤ ሻማው ሲጠፋ ውሃው ወደ ብርጭቆው ወጣ። አቅራቢው «ኦክስጅኑ ተቃጥሎ ስላለቀ ውሃው ቦታውን ያዘ» አለ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ታዲያ ለምን ሻማው ሲነድ ቀስ እያለ አልወጣም? የወጣው እኮ ከጠፋ በኋላ ነው» ብላ ጠየቀች። መልሱ «ጊዜ የለንም» ሆነ። ልጅቷ ያየችው ልክ ነው። ሻማው ሲጠፋ ኦክስጅኑ ገና አላለቀም፤ ብዙው በውስጡ አለ። ዋናው ነገር፣ እሳቱ የብርጭቆውን አየር አሙቆ ስላሳበጠው ከፊሉ አፈትልኮ ይወጣል፤ እሳቱ ሲጠፋ የቀረው አየር ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ ያኔ የውጭው አየር ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል። አቅራቢውን ለማሳጣት አይደለም፤ ይህ ስሕተት ብዙ ቦታ የሚነገር ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለች ልጅ ስትገኝ ዝግጅቱ ሁሉ ቆሞ እሷን መስማት ነበረበት።

ሦስተኛውን ለራሳችን እናድርገው። ከመጡት ልጆች ሴቶቹ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ወንዱን «ሂድ ተማር» ብለን ልከን ሴቷን ለቡናና ለልብስ አጠባ አስቀርተናታል። ያን ዕለት የተሻለውን ጥያቄ የጠየቀችው ማን እንደነበረች ከላይ ጽፈናል።

«የሰፈሩ ቱቦ ተደፍኖ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ቤታችን እየገባ፣ እናንተ ስለ ሻማ ታወራላችሁ» የሚሉ ነዋሪዎች አሉ። ንግግራቸው እውነት አለበት። ይሁንና የኮሌጁ ቅዳሜ ከቱቦው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልወሰደም፤ ክፍሎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ተዘግተው ነው የሚውሉት። «ልጄ ፈተና አለበት፣ ለጨዋታ ጊዜ የለውም» የሚሉም አሉ። እስቲ ፈተናውን እንየው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። አንድ ቅዳሜ ይህን ይለውጣል ብለን አናታልልም። ግን ቴርሞሜትር በእጁ ሳይዝ 100 ዲግሪን በቃሉ የሸመደደ ልጅ ብዛቱ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን የሚያስቸኩለን ጉዳይ አለ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፎ ሙሉ በሙሉ ይጨልማል፤ ሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል። ለእኛ ለአዲስ አበባዎች በከፊል ነው የሚታየው፤ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ዕለቱ ሰኞ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ወላጅ ሥራ ላይ ነው፤ ልጆቹ ደጅ ናቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ በያዘችበት ጠዋት፣ በእኛ ሰፈር ልጆች በራጅ ፊልምና በጠቆረ ጠርሙስ ሽቅብ ሲያዩ ነበር። ይህ አደገኛ ነው። ራጅ ፊልምም፣ በጥላሸት የጠቆረ መስተዋትም፣ ተራ የፀሐይ መነጽርም አይከላከልም። ከሁሉ የሚከፋው ዓይን ከውስጥ ሲቃጠል አያምም፤ ልጁ ጉዳቱን የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ ማየት ሲያቅተው ነው። ለግርዶሽ ተብሎ በደረጃ የተሠራ መነጽር ካልተገኘ ፀሐይን ቀና ብሎ ማየት ክልክል ነው።

ሌላ መንገድ አለ፤ ሳንቲምም አያስወጣም። የካርቶን አንዱን ጫፍ ቀዶ በብርማ ወረቀት መሸፈንና ወረቀቱን በመርፌ መውጋት፣ በሌላው ጫፍ ውስጥ ነጭ ወረቀት መለጠፍ፣ ከዚያ ለፀሐይ ጀርባ ሰጥቶ በጎን በኩል በተቀደደ መስኮት ወረቀቱን ማየት ነው። የተጎረሰችው ፀሐይ እዚያ ላይ ትወርዳለች። የፓስታ ማጥለያም ያገለግላል፤ በቀዳዳዎቹ ሁሉ ትንንሽ ጨረቃ መሰል ፀሐዮች መሬት ላይ ይፈስሳሉ። የዛፍ ቅጠልም እንዲሁ ያደርጋል። እርግጥ ሐምሌ ነው፤ ደመናው ሙሉውን ቀን ሸፍኖ ሊያሳፍረን ይችላል። ቢሆንም ልጆቹ አስቀድመው ከሠሩት ከዚያ በኋላ በማንኛውም ፀሐያማ ቀን ያዩበታል።

ስለዚህ ከኮሌጁ የምንጠይቀው ከግርዶሹ በፊት ባሉት ወራት ቢያንስ ሁለት ቅዳሜ በሩን እንዲከፍት፣ መታወቂያ እንዳይጠይቅ፣ ንግግሩን በአሥር ደቂቃ እንዲገድብ ነው። ማስታወቂያውን እኛ ከሁለት ሳምንት በፊት በራሳችን ቋንቋ ጽፈን እንለጥፋለን፤ የእድር ጥሩንባ ነፊያችንም ማታ ማታ እግረ መንገዳቸውን ሊናገሩልን ተስማምተዋል።

የጫማ ካርቶን ለዚህ ሥራ አጭር ነው፤ በአንድ ሜትር ርዝመት እንኳ የፀሐይዋ ምስል አንድ ሳንቲሜትር አይሞላም። ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት የሚመጣበት ካርቶን ግን ልክ ይሆናል። ሱቅ ያላችሁ፣ ኤሌክትሪክ የምትሠሩ፣ ቤት የምታድሱ ነዋሪዎች ካርቶኑን እንዳትጥሉት፤ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጓሮ፣ ዝናብ ከማያገኘው ቆርቆሮ ሥር አስቀምጡልን።

የማኅበሩ የትምህርት ጉዳይ ኮሚቴ