የዜኒቱን ሌንስ ከሣጥን አውጡት

ጎጃም ትልልቅ ሰዎቹን በፈረሳቸው ስም ሲጠራ የኖረ አገር ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና ተብለዋል፤ የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀም እስከ ዛሬ አባ ኮስትር ነው። ገበሬው ፈረሱን ዳማ፣ ቦራ፣ አምባላይ እያለ በመልኩ ይለያል፤ የበሬውን ጠባይ የልጁን ጠባይ ያህል ያውቃል። በየከተማው ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ ግን የምናየው ሙሽራ፣ ተመራቂና ክርስትና የተነሣ ሕፃን ነው። ፈረስ ቢገኝ እንኳ ከጋላቢው ሥር ነው፤ ፊቱን ያየለት የለም። ውሻማ ጭራሽ አይታሰብም። እንስሶቻችን የራሳቸው ፎቶ ይገባቸዋል ባይ ነኝ። ይህን ለማድረግም በየጁቤ፣ በቢቸና ወይም በሞጣ ያለ ባለሙያ ውድ ሌንስ እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። ከደርግ ዘመን የተረፈው አሮጌ ሌንስ ይበቃዋል፤ ለዚህ ሥራ ሲሆን እንዲያውም ኪስ ውስጥ ካለው ስልክ እጅግ ይሻላል።

ዜኒት ኢ የተባለው የሶቪየት ካሜራ ሞስኮ አጠገብ በምትገኘው ክራስኖጎርስክ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ስለተሠራ በዓለም ላይ ከተበተኑት ካሜራዎች ሁሉ በብዛቱ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ይዘዋቸው ከገቡ ዕቃዎችም ውስጥ ነበረበት፤ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣው ፕራክቲካም እንዲሁ። ዛሬ ፊልሙም አጣቢውም ስለጠፋ ካሜራዎቹ በየሣጥኑ ተኝተዋል፤ ገሚሱን ቆራሌው ወስዶታል። የሞተው ግን ካሜራው እንጂ ሌንሱ አይደለም። ከዜኒት ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው ሄሊዮስ 44-2 የ58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ንድፉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመኖች ከሠሩት የካርል ዛይስ ቢዮታር የተወሰደ ነው። በውስጡ ስድስት መስተዋት ብቻ አለ፤ ሞተር የለው፣ ኤሌክትሮኒክስ የለው፣ ስለዚህ ሊበላሽ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ቀለበቱ በእጅ ይዞራል፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ አፐርቸሩም፣ በእጅ ይከፈታል፤ በቃ።

የእንስሳ ፊት ከሰው ፊት የሚለየው በርዝመቱ ነው። የፈረስን ፊት በስልክ ቀርቦ ያነሣ ሰው አፍንጫው አብጦ፣ ዓይኑ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ጆሮው አንሶ የወጣ ምስል ያገኛል። የስልክ ዋና ካሜራ ሰፊ ስለሚያይ ፊቱ ክፈፉን እንዲሞላ በጣም መጠጋት ግድ ይላል፤ መልኩን የሚያዛባው ይህ መጠጋት ነው። የ58 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በብዙዎቹ የዛሬ ፎቶ ቤት ዲጂታል ካሜራዎች ላይ ሲገጠም ወደ 90 ሚሊ ሜትር የተጠጋ እይታ ስለሚሰጥ አንሺው ሁለትና ሦስት ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ፈረሱም መልኩን ይዞ ይወጣል። በሰንሰለት የታሰረ የግቢ ውሻ ሲሆን ደግሞ ይህ ርቀት የደኅንነትም ጉዳይ ነው፤ አንሺው ከሰንሰለቱ መድረሻ ውጭ ሆኖ ይሠራል። ስልኩ ከጀርባ የሚያበጀው ብዥታ በስሌት የተሠራ ስለሆነ ጋማውንና የድመቱን ጢም ከጀርባው ጋር አብሮ ይበላዋል። የሌንሱ ብዥታ ግን ከመስተዋቱ ስለሚመጣ እያንዳንዱን ፀጉር እንዳለ ይተወዋል። ሄሊዮስ ሙሉ ተከፍቶ ከጀርባ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲኖር ብርሃኑን በእንስሳው ዙሪያ የማዞር ልማድ አለው። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ እኔ ግን የተዝረከረከ ግቢን ወደ ጌጥ የሚለውጥ ጸጋ አድርጌ እወስደዋለሁ።

ሙሉ ይከፈት ስል ግን በጭፍን አይደለም። በእነዚሁ የፎቶ ቤት ካሜራዎች ላይ በአንድ ሜትር ርቀት አፐርቸሩ 2 ላይ ሲሆን ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፊት እስከ ኋላ ከሁለት ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ነው። የውሻው ዓይን ቢጠራ አፍንጫው ይደበዝዛል፤ አፍንጫው ቢጠራ ዓይኑ ይጠፋል። ዓይኑ የጠፋ ፎቶ ደግሞ የማንም ውሻ ፎቶ ነው። ሁለት ሜትር ርቆ አፐርቸሩን 4 ላይ ማድረግ ያንኑ ጥርት ያለ ቦታ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚያሰፋው ለውሻ ፊት በደንብ ይበቃል። ለፈረስ ሦስት ሜትርና 5.6 ይሻላል፤ ያኔ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስለሚያዝ ከአፍንጫው እስከ ጆሮው ይገባል። ሞጣና ቢቸና ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆኑ በበጋ ብርሃን አይጎድልም፤ የሚያስቸግረው የቀትሩ ፀሐይ ጭካኔ ነው። ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ከእንስሳው ጎን አድርጎ መሥራት ነው። የአሮጌው ሌንስ ሽፋን እንደ ዛሬዎቹ ስላልሆነ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ምስሉ ይነጣል፤ በእጅ መዳፍ መከለል ያድነዋል።

ዋናው ተቃውሞ የፎከስ ጉዳይ ነው። እንስሳ አይቆምም፤ ዘመናዊ ካሜራ የእንስሳን ዓይን ራሱ ፈልጎ እየተከተለ በሚይዝበት ጊዜ በእጅ ቀለበት ማዞር ምን ይሉታል የሚል ሰው አይጠፋም። ሶኒ ይህን የእንስሳ ዓይን መከታተያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በካሜራዎቹ ላይ አውጥቷል፤ ድንቅ ሥራ መሆኑንም አልክድም። ለጉግስ ከሆነ እኔም አውቶ ፎከሱን እመርጣለሁ። የመልክ ፎቶ ግን የሩጫ ፎቶ አይደለም። ፈረስ ውኃ ጠጥቶ ሲያርፍ፣ ውሻ ደጅ ላይ ተጋድሞ ሲጠብቅ፣ ድመት ምድጃ ዳር ስትቀመጥ ደቂቃዎች ይገኛሉ። ፎከሱን አስቀድሞ አንድ ቦታ ላይ አስሮ እንስሳው እዚያ እስኪደርስ መጠበቅም ይቻላል። ውሾችን በማንሣት ዓለም የሚያውቀው ኤሊዮት ኧርዊት አብዛኛውን የግል ሥራውን የሠራው ፎከሱ በእጅ በሚዞር ላይካ ካሜራ ነበር፤ ውሻው ዞር እንዲልለት ራሱ ይጮህ ነበር። የእሱ ፎቶዎች ያላረጁት ውሻውን ከመሬቱ፣ ከቁመቱ ልክ ሆኖ ስላየው ነው። ቀለበት የሚያዞር ሰው መጠበቅ ግዴታው ስለሆነ እንስሳውም ይለምደዋል፤ ጆሮውን ከማቆም ወደ ማሳረፍ ይመለሳል። ሃምሳ ፎቶ በአንድ ትንፋሽ የሚተኩስ ሰው ይህን ጊዜ አይሰጠውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ አውቶ ፎከስ ያለው አዲስ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስም እኮ ርካሽ አለ ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ርካሽነቱ በዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በዚያው ልክ ከወረዳ ከተማ ባለሙያ እጅ ርቋል። የዜኒቱ ሌንስ ግን አገር ውስጥ ያለ፣ ምንዛሪው ድሮ የተከፈለበት ንብረት ነው። የሚያስፈልገው አንድ የብረት ቀለበት፣ ማለትም አዳፕተር ነው። ካኖን ካሜራ ያለው ሰው መስተዋት የሌለበት ተራ አዳፕተር ይበቃዋል። በኒኮን ዲኤስኤልአር ላይ ግን ሌንሱ ከሚገባው በላይ ስለሚርቅ የሩቁን አያጠራም፤ የሚሠራው በጣም ለቀረበ ፊት ብቻ ነው። በእይታ ማሳያው መስኮት ከመገመት ይልቅ በካሜራው ስክሪን ላይ ዓይኑን አጉልቶ ቀለበቱን ማዞር ስሕተትን ይቀንሳል። ከመግዛት በፊት የስልክ ባትሪ አብርቶ በሌንሱ ውስጥ ማየት ግድ ነው፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና መተው ይሻላል። ትንሽ አቧራና በጠርዙ ላይ ያለ ጭረት ግን ፎቶው ላይ አይታይም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ብቻ ይጠቅማል።

ሰው በተቸገረበት ጊዜ ለውሻ ፎቶ ማንሣት ቅንጦት ነው፣ እንዲያውም ነውር ነው የሚሉም አሉ። ይህን አስተያየት አላቃልለውም፤ የኑሮው ክብደት የሚታይ ነገር ነው። ሆኖም በዚህ አገር የእንስሳ ፎቶ ቅንጦት የመሰለው ዕድሉ የቤተ መንግሥት ብቻ ስለነበረ ይመስለኛል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ውሻ ሉሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በፎቶ ተነሥታ ለታሪክ ቀርታለች። ግቢ የሚጠብቀው፣ ጅብ የሚመልሰው፣ ከበግ ጋር የሚያድረው የገበሬ ውሻ ግን ሲሞት መልኩ አብሮት ይቀበራል። ፈረስና በቅሎ ሲሆን ደግሞ ጥቅሙ ከስሜትም ያልፋል። የግንባሩ ነጭ፣ የእግሩ ቀለም፣ የጠባሳው ቦታ ጥርት ብሎ የሚታይበት ፎቶ፣ እንስሳው ቢሰረቅ ወይም በገበያ ላይ ክርክር ቢነሣ ለባለቤቱ ማስረጃ ይሆነዋል። አንድ ፈረስ ለአንድ ቤተሰብ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ አንድ ፎቶ የማሳተሚያ ወጪ ብዙ አይደለም።

ገበያውም የለም አይባልም። ጎረቤታችን አዊ ላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ፈረሶቹ በግላስና በልጓም ጌጥ አሸብርቀው ይወጣሉ። ካሜራ ሁሉ ሩጫውን ይሻማል። ከሩጫው በፊት ግን ባለቤቱ ፈረሱን ሲያስጌጥ፣ ኮርቻውን ሲያጠብቅ፣ አንገቱን ሲዳብስ የሚያልፍ ረጅም ሰዓት አለ፤ ፈረሱ ቆሟል፣ ብርሃኑም ገና የጠዋት ነው። በእጅ የሚዞር የ58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከዚህ የተሻለ ሥራ አያገኝም። በየጁቤና በሞጣም በጥምቀት ሰሞን ይኸው ሰዓት አለ፤ ፎቶ ቤቶቻችን ደጃቸው ላይ «ፈረስዎን ይዘው ይምጡ» የሚል ጽሑፍ ቢለጥፉ፣ ከሙሽራና ከተመራቂ ቀጥሎ ሦስተኛ ደንበኛ ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።